ሊቀ ናፍጣ የቸኮሉ ዕለት

መጀመሪያ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ቀጥሎ ከነዳጅ ታንኩ በቀጭን ጎማ ስበው ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ይቀዳሉ፤ ይንጡታል፤ ወደ ፀሐይ አንሥተው እስኪረጋ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አንድ ጠብታ በሁለት ጣታቸው ያሻሉ። ጣት አቀዝቅዞ ብን ካለ ቤንዚን ነው፤ ቅባቱ ከቀረ ናፍጣ። ከጠርሙሱ ሥር ውሃ ከተኛ ደግሞ ባለመኪናው ወዮለት!

ሳይጠይቁት የሚያስተምር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለጎንደር የደረሷት መካኒኩ አቶ ላቀው ናቸው። የሊቃውንት አገር ማዕረግ አይነፍግምና «ሊቀ ናፍጣ» ተብለዋል።

«ቤንዚን በካንዴላ እሳት ይነሣል፤ ናፍጣ ግን ታምቆ በራሱ ግለት ይነድዳል» ይላሉ፣ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር የተሰለፈውን ይዘው። «ኦክታን ማለት ትዕግሥት ነው! ቤንዚን ካንዴላው ሳያዘው ከነደደ ሞተሩ ያንኳኳል።» አዘዞ ድረስ የጫናቸው ሹፌር ሦስት ጊዜ አስቁመው ናፍጣዬን ፈተሹ ብሎ ይምላል። ከዚያ ወዲህ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ባለቤታቸው መምህርት ይመኙሽ ደባርቅ ከተመደቡ ስምንት ወር ሆነ። በመኪናቸው ሄደው እንዳይጠይቋቸው ቤንዚኑ በኩፖን ነው፤ የወር ድርሻቸው በመንገዱ ያለችውን አምባ ጊዮርጊስን እንኳ በቅጡ አያሻግርም። ከእህል የሚወጣ አልኮል ሞተር እንደሚያዞር ግን ሊቀ ናፍጣ ያውቃሉ። ጀሪካን አንጠልጥለው አረቄ ወደሚወጣበት ሰፈር፣ ቀሐ፣ ወረዱ።

«አያ ላቀው፣ ይኸ ሁሉ ዳግም አረቄ ለማን ነው?» አለች አረቄ አውጪዋ ባንቺአየሁ።

«ለማኪናዬ።»

«ምነው፣ እሷም ሰው ናፈቃት?»

«ቀልዱን ተይው። የአልኮል ኦክታኑ ሸጋ ነው፤ ቤንዚን ላይ ሲጨመር...»

«የእርስዎስ ኦክታን ስንት ነው?»

ሊቀ ናፍጣ ጀሪካኑን አቀበሏት።

አረቄ ውስጥ ውሃ እንዳለ ለከተማው ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ውሃው አልኮሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለያል፣ ከታች ይተኛል፤ ሞተር ደግሞ የሚጠጣው ከታች ነው። ያን ዕለት ግን አልናጡም፣ አልጠበቁም። ከጥፍራቸው ሥር ያለውን ግሪስ በመርፌ ሲያወጡ ረፍዶባቸው፣ አረቄውን ከቤንዚኑ ቀላቅለው ወደ ደባርቅ ወጡ።

አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርሱ መኪናዋ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ቆመች። ወደ ጎንደር የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ታከለ፣ አጠገባቸው ፍሬን ያዘ።

«ሊቀ ናፍጣ! ምን ገጠመዎት?»

«ውሃ ነው።»

«እርስዎ? ሳይፈትሹ?»

«ቸኮልኩ።»

ታከለ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። ፊታቸውን አየና ወርዶ መጎተቻ ገመዱን ፈታ።

መኪናዋ አሁን ታንኩ ወልቆ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሊቀ ናፍጣም ለእናንተ ይህን አድርሱልኝ ብለዋል፦

«ወደ ደባርቅ የምትወጡ ካላችሁ ለአንድ ሰው ቦታ ያዙልኝ። ጭነቱ ላይም ቢሆን እቀመጣለሁ። እስክንደርስ አንድ ቃል አልናገርም።»