አባሪ፦ አንድ ሳቅ

በየሰፈሩ አንድ ጽሑፍ ጠባቂ አይጠፋም። ዘበኛ ንብረት ይጠብቃል፣ ቄስ ነፍስ ይጠብቃል፣ ይህኛው ደግሞ ማንም ሳይሾመው ፊደልን ይጠብቃል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካየ ቆሞ ያነባል። አንብቦም አይሄድም፣ እስክሪብቶ ያወጣል። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ እሪ ከማለቱ በፊት ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል በሁለት መስመር የሚያሳውቅ ሰው ነው።

የኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ጽሑፍ ጠባቂ ክቡር አቶ መኳንንት ነበሩ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ የወጡት ግን እሳቸው እንጂ ቀይ እስክሪብቶአቸው አይደለም፤ እሱ ዛሬም በደረት ኪሳቸው ተሰክቶ ሥራ ላይ ነው።

የእሳቸው ጠላት ሥዕል ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አይደለም፣ እሱን የወደደ ይስቀለው። ጽሑፍ መሃል የሚገባው ነው ጠላታቸው፦ ደብዳቤ ጥግ ላይ የምትሳል ጽጌረዳ፣ ቀስት የወጋው ልብ፣ እንባ የሚያንጠባጥብ ዓይን። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይወለውላሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ፣ ከዚያ "ፊደል ምርኩዝ አይሻም" ይላሉ። ባለቤታቸው ተሻለች በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ይህቺን አባባል ከ"እንደምን አደርሽ" የበለጠ ሰምታታለች።

ዱባለ ሻይ ቤቱ በር ላይ የዋጋ ዝርዝር የሰቀለ ጊዜ "ሻይ" ከሚለው ጎን እንፋሎት የሚወጣው ብርጭቆ ሳለበት። አቶ መኳንንት ደርሰው ቆሙ፣ መነጽራቸውን ወለወሉ፣ ከዚያ ሻይ ምን እንደሆነ የማያውቅ ደንበኛ እንዳለው ጠየቁት። የለኝም አለ ዱባለ። እንግዲያው ብርጭቆው ለማን ነው አሉት። ዱባለ ማንበብ የማይችል መንገደኛ እንዳለ፣ ማንበብ የሚችለውም ቢሆን እንፋሎቱን ሲያይ ሻይ ሻይ እንደሚለው ሊያስረዳ ሞከረ። ቢሰሙት ነው! ዱባለ ሥዕሉን አላጠፋም፣ እሳቸውም ሻዩን አልተዉም።

ሳንሱሲ ሰፈር ያለ ዘመዳቸው ልጁን ሲድር የላከው የጥሪ ካርድ ላይ ሁለት ርግቦች ምንቃር ለምንቃር ተሳስመው ነበር። አቶ መኳንንት ርግቦቹን በቀይ ሰርዘው፣ ከጎናቸው "ሙሽሮቹ ሰዎች ናቸው" ብለው ጽፈው ካርዱን መለሱት። በሠርጉ ቀን ግን ካፖርታቸውን ደርበው ሄዱ፣ እስክስታ ወረዱ፣ የሙሽራውን አባት እስኪያልበው አስጨፈሩት።

ቀበሌው ለጽዳት ዘመቻ የለጠፈው ማስታወቂያ ላይ መጥረጊያ ተስሎ ሲያዩም አላለፉትም፣ ሰረዙት። ከአናቱ ላይ የነበረውን ማጭድና መዶሻ ግን አላዩትም። መነጽራቸውንም አላወለቁም። ጽሑፍ ጠባቂ ናቸው እንጂ ሞኝ አይደሉም።

ታዲያ እግዜር ሲያሾፍባቸው፣ ለእኚህ ሰው ሳይስል መጻፍ የማይችል ልጅ ሰጣቸው። የአምሐ የሒሳብ ደብተር ጠርዙ ሁሉ ፊት ነበር፤ የሚስቅ፣ የሚያኮርፍ፣ ምላሱን የሚያወጣ። አባትዬው ዓመት ከዓመት ሲሰርዙ፣ ልጁ ዓመት ከዓመት ሲስል አደገ። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ።

ደብዳቤው በየወሩ ይመጣ ነበር። የሚመጣው በአቶ መኳንንት የድሮ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን ስለሆነ፣ በየሐሙሱ ከጦር ኃይሎች ማቆሚያ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው ይጠይቃሉ። ይዘው ሲመጡ ፖስታውን በቢላዋ ጫፍ አስተካክለው ይከፍቱና ቆመው፣ በመዝገብ ቤት ድምፅ ያነባሉ። "ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።" ኮልፌ ውስጥ ልጇ የዘመተባት እናት ሁሉ የሚደርሳት ይኸው ነው። ደብዳቤው ሳይታሸግ አለቃ ስለሚያነበው፣ የት ነህ፣ ምን በላህ፣ ፈራህ ወይ ለሚለው መልስ የለውም።

ከፊርማው በታች ግን አንዲት ፊት ትመጣለች። የሃያ አምስት ሳንቲም ያህል ናት። ሦስት ፀጉር አላት፣ ከላይ በግራ በኩል አንድ ጥርስ የላትም። አምሐ ልጅ ሳለ ኳስ ሲጫወት ለጎል የተቀመጠው ድንጋይ ላይ ወድቆ ያጣት ጥርስ ናት። አቶ መኳንንት ፊርማው ላይ ሲደርሱ ንባባቸውን ያቆማሉ፤ ለእሳቸው ደብዳቤው እዚያ አልቋል። ለተሻለች የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። መሠረተ ትምህርት ተምራ የምስክር ወረቀት ተቀብላለች፣ የታተመ ፊደል ቀስ እያለች ታነባለች፣ የልጇ የእጅ ጽሑፍ ግን ይሮጥባታል። ያቺን ፊት ማንም ሳያነብላት ታነባታለች። አፏ ከጆሮ እስከ ጆሮ ከተከፈተ በልቶ ተኝቷል። አፏ ቀጥ ካለ ደክሞታል። አንድ ዓይኗ ከተጨፈነ ለአባቱ ያልነገረው ነገር አለ።

አንድ ቀን አቶ መኳንንት ይህን ያህል ፊቷ ላይ ማፍጠጥ ምንድን ነው፣ ሰው ደብዳቤ ጻፈ ወይስ ሕፃን ተጫወተ ብለው ተቆጧት። ተሻለች ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ መለሰችላቸው።

"እርስዎ የሚያነቡት ለሁሉም እናት የሚጻፈውን ነው። ይቺ ለእኔ ናት።"

በጥቅምት የመጣውን ደብዳቤ ግን አቶ መኳንንት አንብበው አልሰጧትም። ዝናብ ነክቶት ሊበጣጠስ ነው፣ ይቀመጥ ብለው የአምሐ ፋይል ውስጥ ከተቱት። መቼም ለልጃቸው ደብዳቤ ፋይል ከፍተውለታል፤ የፊተኛው ገጽ ላይ የገባው ሁሉ በተራ ቁጥር የሚመዘገብበት ዝርዝር አለው። በዚያው ሳምንት ለአምሐ ጻፉለት። ከእንግዲህ ደብዳቤህ ላይ ሥዕል እንዳላይ፣ ወታደር ነህ፣ አለቆችህ የምስጢር ምልክት ነው ቢሉ ማን ይደርስልሃል የሚል ነበር። ተሻለች ተነብቦላት ስትሰማ ለመነች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ሦስት ቀን ምሳቸውን አቅርባላቸው እሷ ጓዳ በላች። ደብዳቤው ተላከ።

አምሐ ታዛዥ ልጅ ነው። የኅዳሩ ደብዳቤ ንጹሕ ሆኖ መጣ። አቶ መኳንንት ከፊርማው በታች አዩ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፣ ከዚያ "እንግዲህ ደብዳቤ ማለት ይኼ ነው" አሉ። ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

በታኅሣሥ ምንም አልመጣም። በጥርም እንዲሁ። የካቲት ሲጋመስ አንድ ፖስታ መጣ፣ አቶ መኳንንትም ቆመው አነበቡት። ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ ይላል፣ ስሙም አምሐ መኳንንት ይላል። ተሻለች ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ፊደሉ አይሮጥም፣ ክብ ክብ ብሎ፣ ተራርቆ ተቀምጧል። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ራሷ አነበበችው። ያን ጊዜ ነው የገባት፤ የልጇ ጽሑፍ ቢሆን እንዲህ አይነበብላትም ነበር።

ወርቅዬ ባለሱቋ ከዚያ በፊት አንድ ወሬ አውርታላት ነበር። ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለች አንዲት እናት፣ ልጇ ከሞተ በኋላ አራት ወር ሙሉ ደብዳቤው ይደርሳት ነበር አሉ። ጓደኛው መርዶውን መጻፍ አቅቶት በእሱ ስም እየጻፈላት ነው። ወርቅዬ ይህን ያወራችው የሰው ነገር ብላ ነው። አሁን ግን ወሬው ተሻለች ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

አቶ መኳንንት ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው ፊርማ ሲለዩ የኖሩ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፉ የአምሐ አለመሆኑ እንዴት ይጠፋቸዋል? ብርድ ይሆናል፣ የእስክሪብቶው ጥፋት ይሆናል እያሉ ሞከሩ። ተሻለች አቋረጠቻቸው።

"ፊቷ ብትኖር አውቅ ነበር። ያጠፏት እርስዎ ነዎት።"

ፊደል ምርኩዝ አይሻም አላሉም። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

የሄዱት ዱባለ ጋ ነው። ይህን ዱባለ ራሱ ኋላ ለተሻለች ነግሯታል፣ ከነገራትም ብዙ ጊዜ ነግሯታል፣ በየጊዜውም ይጨምርበታል። እሑድ ከሰዓት ነው፤ አቶ መኳንንት ጥጉ ላይ ተቀምጠው ሻይ አዘዙ፣ ሰው አለመኖሩን አይተው ጠሩት፣ ክብ እንዴት እንደሚሳል በሹክሹክታ ጠየቁት። ዱባለ መጀመሪያ ያሾፉበት መሰለው። ፊታቸውን ሲያይ ግን ባዶ ብርጭቆ አምጥቶ ወረቀቱ ላይ ደፋላቸውና በዙሪያው እስክሪብቶውን ያስኪዱ አላቸው። ዓይን አሳያቸው፣ አፍንጫ አሳያቸው። ሦስቱን ፀጉር ሲስሉ በዚያ ብርድ አላባቸው አለ። አራት ወረቀት ቀደው በአምስተኛው ድንች የሚመስል ነገር ወጣላቸው። ዱባለ አፉ ቀርቷል ሲላቸው፣ ሆን ብዬ ነው፣ ይቅር አሉት።

ማታ ለተሻለች አነበቡላት። "ልጄ አምሐ፣ ይህን የሳልኩት እኔ አባትህ ነኝ። አፉ አልተሳለም። አንተው ጨርሰህ መልስልኝ።" ተሻለች ወዲያው ገባት። ጓደኛው ስሙን ያውቃል፣ የእናት አባቱን ስም ያውቃል፣ ደህና ነኝ ማለትም ያውቃል። ደብዳቤው ላይ የምትመጣው ፊት የትኛዋ ጥርስ እንደምትጎድላት ግን የሚያውቀው አምሐ ብቻ ነው።

ከዚያ ሐሙስን መጠበቅ ሆነ። ሰባት ሐሙስ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ተሻለች ከበሩ ላይ ቆማ፣ ገና ከማዞሪያው ሲታጠፉ አረማመዳቸውን አይታ ታውቅና ወደ ውስጥ ትገባለች። ያም ሆኖ ሻያቸውን ስኳር ጨምራ ታቀርብላቸው ጀመር፤ የእሳቸውም ፊት ከስቶ ነበርና አሳዘኗት።

በስምንተኛው ሐሙስ ሲመጡ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነበር። ተሻለች ፖስታውን አየችው፤ በቢላዋ አልተከፈተም፣ በጣት ተቦጭቋል። እሷ በሌለችበት ደብዳቤ ከፍተው አያውቁም። አቶ መኳንንት ወረቀቱን ዘረጉላት።

የራሳቸው ድንች ነው። አፍ ተሠርቶለታል፤ መስመሩ እየተንቀጠቀጠ የሄደ፣ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከፈተ ሳቅ። ከላይ በግራ በኩል አንድ ጥርስ የለም።

ተሻለች ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ተመስገን፣ ተመስገን እያለች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች። ከሥዕሉ በታች በዚያ ክብ ክብ ጽሑፍ የተጻፈውን አቶ መኳንንት አነበቡላት። ቀኝ እጄ ቆስሎ ስለነበር ደሜ የሚባል ጓደኛዬ ነው የሚጽፍልኝ፣ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ፣ አሁን እየዳነ ነው፣ አፉን ግን በግራ እጄ ራሴ ሳልኩት ይላል። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ተጣሞ፣ ተንጋዶ የተጻፈ አንድ መስመር አለ።

"አባባ፣ ጆሮ ረስተዋል። ከአሥር አራት።"

"አራት?" አሉ አቶ መኳንንት እንባቸውን በባርኔጣቸው እየጠረጉ። "አራት ብቻ?" እዚያው ተመልሰው ወጡና ዱባለ ጋ ሄዱ፤ ጆሮ የሚባል ነገር እንዳለ ለምን አልነገርከኝም ብለው ሊከሱት ነው። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያን ቀን ሻይ በእሳቸው ጠጣ።

ተሻለች ብቻዋን ስትቀር ደብዳቤውን ልታስቀምጥ ፋይሉን አወረደች። ከፍታው አታውቅም ነበር። የፊተኛው ገጽ ላይ ያለው የባሏ ጽሑፍ ነው፣ የታተመ ይመስላል፤ ጣቷን እያስኬደች ማንበብ ጀመረች።

"1ኛ፦ የሰኔ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ። አባሪ፦ አንድ ሳቅ።"

"2ኛ፦ የሐምሌ ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ። አባሪ፦ አንድ ሳቅ፣ ሰፊ።"

"3ኛ፦ የነሐሴ ደብዳቤ፣ ሁለት ገጽ። አባሪ፦ አንድ ዓይን የተጨፈነ ፊት። ምን ደብቆኝ ነው?"

ሁሉንም አይተዋል። አንዷንም ሳይዘሉ፣ ፊርማው ላይ ንባብ እያቆሙ፣ ሁሉንም መዝግበዋል። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። "የጥቅምት ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ። አባሪ፦ ለቅሶ። ለተሻለች አይታይ።"

ወረቀቱን ከውስጥ አወጣችው። ዝናብ አልነካውም፣ ደረቅ ነው። ከፊርማው በታች ያለችው ፊት አፏ ወደ ታች ወርዷል፣ ከሁለቱም ዓይኖቿ ሁለት ሁለት የእንባ ዘለላ ይወርዳል። እንግዲህ ሥዕል ይቅር የተባለው ለአለቆች ተብሎ አልነበረም፣ ለፊደል ክብርም አልነበረም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ፊት ቢመጣ ቆመው ማንበብ እንደማይችሉ ስላወቁ ነው። ተሻለች ስድስት ወር ሙሉ የያዘችባቸውን ቂም ፈለገችው፤ አጣችው። ይኼን ሽማግሌ ወደደችው፣ ያኔ ሲጋቡ ከወደደችው ይልቅ።

የዛሬውን ደብዳቤ አስገብታ፣ ዝርዝሩ ላይ ከመጨረሻው መስመር ሥር በመሠረተ ትምህርት እርሳሷ አንድ ነገር ሳለች። ለክቡ ብርጭቆ ደፍታለች። መነጽር አለው፣ ባርኔጣ አለው፣ ጆሮው ደግሞ እንዳይረሳ ተብሎ የዝሆን ያህል ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ መኳንንት ደብዳቤውን ሊመዘግቡ ፋይሉን ከፈቱ። ተሻለች ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ታያለች። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። ቀይ እስክሪብቶአቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ሥዕሉ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

ከዚያ ቁጥር ሰጡት።