የያሆዴ ሰንጋና የፕሬዝዳንቱ ክብር

ክብር የማያውቅ ዘመን መጣና፣ ሆሳዕና ከተማ ላይ አንድ ፕሬዝዳንት የባንክ ሒሳባቸውን እንዲያሳዩ ተጠየቁ። ፕሬዝዳንቱ አቶ ዳኘ ናቸው፤ የሚመሩትም ለያሆዴ፣ ለመስቀል በዓል፣ ሰንጋ ገዝቶ የሚካፈለውን የሰፈሩን ማኅበር ነው። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ሰውዬ «ሰብሳቢ» ይባሉ ነበር። ለአቶ ዳኘ ግን ስሙ ጠበባቸውና «ፕሬዝዳንት» አሰኙ። የአባላቱም ቁጠባ በስማቸው ባንክ ገባ፤ የሰው ገንዘብ የማይነኩ፣ አስራት የማያጓድሉ ሰው ነበሩና።

የካቲት ላይ ወይዘሮ አባይነሽ፣ ባል የሞተባቸው መምህርት፣ የባንኩን መግለጫ ልይ አሉ። አቶ ዳኘ ወረቀቱን ቢያሳዩ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ትልቅ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አይገላገልም።

«ፕሬዝዳንት በሥልጣን ላይ እያለ ኪሱ አይፈተሽም» አሉ አቶ ዳኘ።

ወይዘሮዋ ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም ባንኩ መግለጫውን እንዲያቀርብ አዘዘ። ፕሬዝዳንቱ ይግባኝ አሉ። ጠበቃቸው አቶ ሰይፈሥላሴ ስለ ሥልጣን ክብር ሲከራከሩላቸው አቶ ዳኘ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ይህን ያህል ትልቅ ሰው መሆናቸውን እርሳቸውም አያውቁም ነበርና። የይግባኙ ችሎት ከሕግ በላይ ማንም የለም ሲላቸው፣ በላይ ነኝ አላልኩም፣ ትንሽ ከፍ ብዬ ጎኑ ነው የቆምኩት ብለው ሰበር ሄዱ። የባጃጅ ሹፌሮች «ክቡር ፕሬዝዳንት፣ ወዴት?» ይሏቸው ጀመር። ሳቁን ሳይሰሙ ማዕረጉን ብቻ እየሰሙ ይሳፈሩ ነበር።

ሰበርም አጸናው። ያሆዴ ሲቃረብ መግለጫው በችሎት ተነበበ። እስከ የካቲት ድረስ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ከየካቲት ወዲህ ግን ገንዘቡ ሙልጭ ብሎ ወጥቷል፤ የወጣውም ሁሉ ለጠበቃ ሰይፈሥላሴ ነው።

አቶ ዳኘ ደረታቸውን ነፍተው ተነሡ። የፕሬዝዳንት ክብር የማኅበሩ ክብር ስለሆነ ወጪውም የማኅበሩ ነው ካሉ በኋላ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለሆዴ የበላሁት የለም» አሉ።

«ሌባ ነዎት ያለ ማን አለ ጋሼ?» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ። «መግለጫውን የፈለግሁት በሬው ሳይወደድ ምን ዓይነት ሰንጋ እንደምንችል ለማወቅ ነበር።»

አቶ ዳኘ ወደ ጠበቃቸው ዞሩ።

በያሆዴ ዕለት ሰፈሩ ጎመኑን ብቻ በላ። ጊምቢቹ ከተማ፣ በጠበቃ ሰይፈሥላሴ ግቢ ግን የሰባ ሰንጋ ተጣለ። ጠበቃው ውለታ የማይረሱ ሰው ናቸውና ለፕሬዝዳንቱ ደውለው መጥተው ይቅመሱ አሏቸው።

አቶ ዳኘ ጥሪውን ያለ ይግባኝ ተቀበሉ።