ድንኳኑ ከወጣማ ይለቀሳል

አለቃቀስ የማያውቅ ሰው እኛ ሰፈር ባይኖር ይመረጣል። አትሳቁ፤ የምሬን ነው። እዚህ አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ በታች፣ ለቅሶ ልክ አለው። አብዝቶ የጮኸ «አስመሳይ» ይባላል፤ ድምፁን የቆጠበ ደግሞ «ደረቅ»። ከሁለቱ መሃል ያለችውን ልክ ማግኘት እኔን ራሴን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አንዳንዴ ያቅተኛል።

ሰላማዊት በዚህ ፈተና የወደቀችው አምና ነው። እናቷ እትዬ አስካለ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያሳለፉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚወዳቸው ሴት ነበሩ። የተቀበሩ ዕለት እኛ ደረታችንን ስንመታ ልጅቱ ካሜራዋን አወጣች። እርግጥ ነው፣ ፎቶግራፍ ሥራዋ ነው። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ፎቶ አነሳች፣ አፈር ሲለብስም አነሳች፤ ጠብ ያለ እንባ ግን አላየንባትም። የእናቷ የልብ ጓደኛ እትዬ ዘነበች፣ «የእናቷን ቀብር ሠርግ አስመሰለችው» ብለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፈጓት። የሚኖሩት አጥር ለአጥር ነው። ልጅቱ ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» ስትላቸው እሳቸው የልብስ ማስጫውን ገመድ ይመለከታሉ።

ታዲያ ባለፈው ጥር «ኤግዚቢሽን ላሳይ ነው» ብላ እኔ ዘንድ መጣች። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በእጄ ስለሆነ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ልትለምን ነው። ስለ ሐዘንና ስለ መጽናናት ነው አለችኝ። መሃል ከተማ አዳራሽ እየሰጧት ለምን ሰፈር መረጠች ብዬ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ሌላው ሰው ባይመጣም ግድ የለኝም። እትዬ ዘነበች ገብተው የእማዬን ፎቶ ቢያዩልኝ ይበቃኛል» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሰጠኋት።

የእድራችንን ድንኳን ስለማታውቁት ልንገራችሁ። ለሠርግ አይከራይም፣ ለስብሰባ አይተከልም። ሠርግ ያለው ሰው ባለ ብዙ ቀለሙን ከሳሪስ ያስመጣል። የእኛ ቡኒ፣ ጥጉ ላይ የተጣፈ ሸራ ነው፤ እሱ ወጣ ማለት ሰው ሞተ ማለት ነው። ይህን ሰላማዊትም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

እሑድ ከሰዓት ድንኳኑ ተተከለ። ውስጡ ፎቶዎቹ ተሰቀሉ፦ የእትዬ አስካለ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ የተነጠፈ ባዶ አልጋ፣ ከመድኃኒት ጎን የተቀመጠ መነጽር። ፊት ለፊት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው፣ በሰው ቁመት፣ ፈገግ ብለው። ከመሃል ከተማ የመጡት እንግዶች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነጠላ ጫማውን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩታል። ከመካከላቸው አንድ ባለ ክብ መነጽር ሃያሲ፣ «ዝምታው ይናገራል» አለ።

ዝምታው ብዙም ሳይናገር ከመንገዱ በኩል ዋይታ ተሰማ።

እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ከገበያ የሚመለሱት የሰፈራችን ሴቶች ድንኳኑን እንዳዩ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። ከፊት እትዬ ዘነበች ናቸው። ቀና ሲሉ ከእትዬ አስካለ ጋር ተፋጠጡ።

«አስካልዬ! አስካልዬ፣ በየት በኩል መጣሽብኝ?»

ለማያውቁት ሟች የተጀመረው ለቅሶ ባለቤቱን አገኘ። ሃያሲው ስልኩን አውጥቶ፣ «ግሩም ነው! ተመልካቹን የሥራው አካል አደረገችው» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ።

ሰላማዊት እንደ ልማዷ ካሜራዋን ወደ ዓይኗ አነሳች። እትዬ ዘነበችም ልክ በዚያች ቅጽበት ዞር ብለው አዩዋት። በቃ፣ ከእንግዲህ መታረቅ የለም አልኩ በልቤ። ልጅቱ ግን ፎቶውን አላነሳችም። ካሜራው ደረቷ ላይ ወደቀ፣ ከዚያ ዓመት ሙሉ አፍና የያዘችው ለቅሶ ወጣ። እንደ ሰፈራችን ልክ ከሆነ እጅግ የበዛ ነበር። አንድም ሰው አስመሳይ አላላትም። እትዬ ዘነበች ካሜራውን ከአንገቷ አውልቀው በራሳቸው አንገት ላይ አጠለቁትና አቀፏት።

«አልቅሺ ልጄ። እኔ እይዝልሻለሁ» አሏት። እኔም፣ ልክ ሳልጠብቅ፣ አለቀስኩ።

ንፍሮው ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ። እንግዶቹ አግዳሚው ላይ በሰልፍ ተቀምጠው እየቆረጠሙ ሳለ ሃያሲው ወደ እትዬ ዘነበች ጠጋ አለ።

«እናቴ፣ በጣም ደስ የሚል ዝግጅት ነው። ቀጥሎ የት ነው የምታሳዩት?»

እትዬ ዘነበች ካሜራው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ አዩት። «እሱን ማን ያውቃል ልጄ? እግዜር ባለው ቤት ነው። ለመሆኑ አንተ የየት እድር ነህ?»

«እድር የለኝም።»

«ውይ! ታዲያ ማን ሊያለቅስልህ ነው?»

ሃያሲው ሳምንት ሳይሞላ በሁለት ታክሲ ተሳፍሮ አቃቂ ድረስ መጥቶ የእድራችን አባል ሆነ። ለአባልነቱ ጉርድ ፎቶ ያስፈልግ ነበርና ሰላማዊት ግቢዋ ውስጥ ልታነሳው አቆመችው። ሰውየው እንደ ሃያሲ ኮስተር ብሎ ቆመ። እትዬ ዘነበች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ተቆጡት።

«ፈገግ በል እንጂ! ኋላ እኮ የምናለቅሰው እሱን እያየን ነው።»