ልጁን ንፋስ እንዳይመታው

ታክሲ ውስጥ መስኮት አስከፍታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሰዎች ከመኪና ግጭት ይልቅ ንፋስ እንፈራለን።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ስሳፈር፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ጎረቤቴ ሰላም አጠገቤ ተቀመጠች። "ወንድሜ፣ መስኮቱን ዝጋልኝ፤ ልጄን ንፋስ እንዳይመታብኝ" አለችኝ። ዘጋሁላት። ከዚያ ከቦርሳዋ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ማጨሻ አውጥታ ሳበች። ማንጎ ማንጎ የሚል ጉም ታክሲውን ሞላው፤ ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ጭንቅላታቸው ጠፋ። ማንም አላጉረመረመም። መስኮቱ ከተዘጋ ምን ይፈራል?

"ሰላም፣ ኒኮቲን እኮ አለው" አልኳት በዝግታ። "የልጁ አእምሮ ገና እየተሠራ ነው።"

"ሲጋራ መሰለህ እንዴ? እንፋሎት ነው!" ብላ ሳቀች። "ደግሞ እሱም ይወደዋል። ሲራገጥ ቆይቶ፣ እኔ ስስብ ጸጥ ይላል። ይኸው እይ!"

ቀሚሷ ከውስጥ ሲገፋ ይታየኝ ነበር። ሳበች። ግፊያው ቆመ።

እጄ ሳላዘው መስኮቱን ከፈተ።

"አንተ ልጅ! ሆዷ ውስጥ ላለው ምስኪን አታዝንለትም?" ብለው አንዲት እናት ከኋላ ጮኹብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ደገፋቸው። መልሼ ዘጋሁት።

ቃሊቲ እስክንደርስ ዓይኔን ከቀሚሷ ላይ አልነቀልኩም። ምንም አልተንቀሳቀሰም።

"አየህ" አለችኝ ሆዷን እየዳበሰች፣ "ሲሞቀው ተኛ።"