ለምርመራ የተወለደች ሙሽራ

ደባርቅ ላይ ሰው ሲያስል፣ ሳሉ ሳይለቀው አዲ አርቃይ ያለ ዘመዱ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይደውላል። ዕድሜዬን በሰው አገር ጨርሼ፣ መጻሕፍቴን በካርቶን አሽጌ ስመለስ ይህን ረስቼው ነበር። እዚያ ማንም አያውቀኝም ብዬ አለቀስኩ፤ እዚህ ሁሉም ያውቀኛል ብዬ አለቅሳለሁ። ለአሮጊት የሚመች አገር ገና አልተሠራም።

የእህቴን ልጅ ስም አልነግራችሁም። መምህር ነው፤ ወንድ የሚወድ ወንድ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው አገሩ ያዘጋጀችለት ስድብና እስር ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ምስጢሩን ያካፈለው ለእኔ ብቻ ነው፤ እኔንም ገና እንደ እንግዳ ስለሚያየኝ። እነዚህ ልጆች የሚተዋወቁት በስልክ ነው። ፎቶ ይለዋወጣሉ፤ ፊት የለበትም፣ አገጭ ብቻ። በአገጭ ይተጫጫሉ! አትሳቁ። ፊቱን ለማያውቀው ሰው ያሳየን፣ ቀጠሮው ቦታ ዱላ ይዘው ሊጠብቁት ይችላሉ።

አንድ ጠዋት ስልኩን ሰጠኝ። ጎንደር ሄዶ ያገኘው ሰው ጽፎለታል፦ «ቫይረሱ ተገኘብኝ። አንተም ተመርመር፣ አደራ።»

«ተነስ፣ እንሂድ» አልኩት።

«የት? የጎንደር መንገድ ተዘግቷል። የዚህኛው ጤና ጣቢያ ሲስተር ደግሞ የእማዬ የማኅበር ጓደኛ ናት። ምን አመጣህ ብትለኝስ?»

ሄድን። አለችውም።

«አንተን የመሰለ ጨዋ ልጅ፣ ምን አስፈርቶህ ነው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እዚህ ያለ ደም ምርመራ ወረቀት ቄሱ ተክሊል አይፈጽሙም። ይኸው ትዝ አለኝና፣

«ሊያገባ ነው» አልኩ።

«ውይ እማማ! ምነው እስከ ዛሬ ደበቁን?» እየሳቀች ጣቱን ወጋችው።

ውጤቱ እስኪታይ ልጁ እጄን ጨብጦ ያዘኝ፤ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሣር እንደሚይዝ። እኔም ሣር መሆኔን አውቄያለሁ።

«ነጻ ነህ» አለች። «ግን በቅርብ የተያዘ ላይታይ ስለሚችል ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ያን ጊዜ ልጅቷንም ይዘሃት ና።»

ሲስተር የበሽታ ምስጢር ትጠብቃለች፤ በዚህ አላማትም። የሠርግ ምስጢር የሚባል ነገር ግን ማንም አላስተማራትም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያለው ሰው ስንቁን ይዞ በደባርቅ አላለፈም። በገበያው ዞረን ቤት ስንደርስ እህቴ በር ላይ እልል ትላለች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ጌሾውን ማን ይውቀጥ እየተባባለ ነው።

«አንቺ ክፉ! ለእኔ ለእናቱ ሳትነግሪኝ?» አለችኝ። ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ልጇ ዞረች። «ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?»

እልልታው ቆመ። ሁሉም አፉን አፉን ያየው ጀመር።

ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አክስቴ፣ በሽታው እንኳ መድኃኒት ነበረው።»