የእትዬ ዘይነባ በርና ነፍስ የሌለው እንግዳ

ቫይረስ ሕይወት አለው ወይስ የለውም? ይህን ጥያቄ በየዓመቱ መርሳ ውስጥ በማስተምርበት ክፍል ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ በየዓመቱም በቅጡ ሳልመልሰው ደወል ይደወላል። ደዋዩን በልቤ አመሰግነዋለሁ። ነገሩ እኮ ዕረፍት ይነሳል። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አያድግም፤ ብቻውን ሲሆን ከአቧራ አይለይም። የሌላውን ገላ ጥሶ የገባ ዕለት ግን የቤቱን ባለቤት የራሱ ሎሌ አድርጎ ይራባል። እንዲህ ያለውን ሕያው ነው ብትሉ መጽሐፉ አይስማማችሁም፤ በድን ነው ብትሉ ደግሞ በድን አልጋ ላይ ጥሏችሁ ያውቃል ወይ? እኔ በተፈጥሮዬ የነገሩን ቁርጥ ካላወቅሁ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ባለቤት የለኝም እንጂ ብትኖረኝ «ምን ወንበርህ ላይ እሾህ አለ?» ስትለኝ ትኖር ነበር።

ባለቤት ባትኖረኝም ግን ይህን የሚሉኝ አከራዬ እትዬ ዘይነባ አሉ። በግቢያቸው ጥግ ካለችው አንዲት ክፍል ከገባሁ ጀምሮ እንደ ልጅም እንደ እንግዳም ይዘውኛል። ሐራ ከተማ ያገባችው ልጃቸው ሩቂያ የመጀመሪያ ልጇን የምትገላገልበት ጊዜ ተቃርቦ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚታረሰው፤ ይህ አይታለፍም። እትዬ ዘይነባ ለዚያ ቀን ብለው ከጫጩት ጀምረው ያሳደጓቸው ዶሮዎች ነበሩ። ግቢውን የሞሉት እነሱ ናቸው። በመስኮቴ ዘለው ገብተው የተማሪ ደብተር ላይ የሚቆሙትም እነሱ ናቸው። አንዷ ገብስማ ዶሮ በተለይ፣ ደብተር ሳርም ካልገላመጠችኝ ውሎዋ አይሰምርም።

ሩቂያ ልትመጣ ስትል ነው ወሬው የደረሰን። በውርጌሳ በኩል ፈንግል ገብቷል ተባለ። ፈንግልን ብዙዎቻችሁ በእርግማን ነው የምታውቁት፤ የተናደደ ሰው በሌላው ላይ የሚጠራው ነገር ነው። እውነተኛው ግን የዶሮ ቫይረስ ነው፤ አንገቷን ጠምዝዞ፣ ክንፏን አስጥሎ አንድ መንደር ዶሮ በአጭር ጊዜ ያነጥፋል። ታዲያ የኛ ሰው ፈንግል መጣ ሲባል ምን ያደርጋል? ዶሮውን ያሸሻል። ያልታመመችውን ይዞ ገበያ ይሮጣል፤ ያልተሸጠችውን እግሯን አስሮ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ለዘመድ ይልካል፤ «አንቺ ዘንድ ትትረፍልኝ» ብሎ። ዘመዲቱም የራሷን ዶሮ ለሌላ ዘመድ ትልካለች። ቫይረሱ እግር የለውም። እግሩ እኛ ነን፤ የመኪናውንም የምንከፍልለት እኛው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ እንዴት ልቀመጥ? ክትባት ፍለጋ ወልድያ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት የእንስሳት ሐኪም «ክትባት አስቀድሞ ነው፤ በሽታው ደጅ ከደረሰ ብዙም አይረዳችሁም» ብሎ አሰናበተኝ። ስመለስ እትዬ ዘይነባ ለዶሮዎቻቸው ጥሬ እየበተኑ አገኘኋቸው።

«መምህር፣ ይሄ ፈንግል ነፍስ አለው?» አሉኝ።

«ብቻውን ሲሆን የለውም፣ እትዬ። ዶሮዋ ውስጥ ሲገባ ግን…»

«ነፍስ ከሌለው ታዲያ በምን መጣ?»

«በሰው ጫማ። ሰው ይዞት በሚመጣው ዶሮ።»

ጥሬውን መበተን አቆሙ። «ሱብሃነላህ! እና ምን ይሻላል?»

«በሩን እንዝጋ።»

ይህን ቃል ወሎ ውስጥ ለአንድ አከራይ መናገር ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። የእትዬ ዘይነባ በር እኔ እስከማውቀው ቀን ላይ ተዘግቶ አያውቅም፤ መቀርቀሪያው ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሎ ዘይት ነው ያጠጣሁት። እሳቸውም ብዙ አሰቡና «ለአራሷ ከሆነ ዝጋው» አሉ። ያሉት ግን ፊታቸውን አዙረው ነው።

ሩቂያ ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ ተገላግላ ግቢ ገባች። እኔም ዘበኛ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት መልስ በረኪና በባልዲ በጥብጬ በሩ ሥር ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ የራሴን ጫማ አጥባለሁ፣ ያጠብኩትን መልሼ አጥባለሁ። መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን አያ ሰይድ ናቸው፤ ለአራሷ የሚሆን ቀይ አውራ ዶሮ በብብታቸው ይዘው። የአራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ዶሮ ያለው ዶሮ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔም በበሩ ስንጥቅ ስለ ቫይረስ ባሕርይ ገለጻ አደረግሁላቸው። ምነው ተማሪዎቼም እንዲህ ባዳመጡኝ ብዬ እስክመኝ ድረስ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«እና ዶሮዬ ታሟል ነው የምትለኝ?»

«አልታመመም፤ ግን ቫይረሱን ይዞ ሊሆን ይችላል።»

«እሺ ዶሮውን ልመልሰው። እኔስ?»

ዓይኔ ጫማቸው ላይ አረፈ። እሳቸውም ጫማቸውን አዩት። «አብሽር፣ ገብቶኛል» ብለው ሄዱ። የገባቸው ግን እኔ ያልኩት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጡት ሴቶች የእሳቸውን መመለስ ሰምተው ሳያንኳኩ ከመንገድ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣም ጠፋ። ዶሮዎቹ ግን ደህና ነበሩ፤ በየማለዳው አንድ በአንድ ክንፋቸውን እያነሳሁ አያለሁ። ገብስማዋ እንዲያውም ወፍራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል የሩቂያን ድምፅ ሰማሁ። «እማየ፣ ሰው ምነው ቀረብኝ? ልጄን ጠሉት?» ትላለች፤ ታለቅሳለች። ባልዲዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ከእናቱና ከአያቱ ውጪ ማንም አቅፎት፣ ማንም ዱዓ አድርጎለት አያውቅም። ለሷ ብዬ የዘጋሁትን በር እሷ እንደ ቅጣት ቆጥራዋለች።

እትዬ ዘይነባ ወጡ። «መምህር፣ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አልኩ።

«ነፍስ ያለውንና የሌለውን ለመለየት ስትጨነቅ አያለሁ። ሰው የማይገባበት ቤት ምኑ ነው ነፍሱ? በል ክፈተው።»

«ፈንግሉስ፣ እትዬ? ዶሮዎቹስ?»

«ሲመጣ የሚያገኛት ዶሮ አትኖርም።»

እትዬ ዘይነባ ራሳቸው አያ ሰይድ ዘንድ ሄደው፣ እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። ቢስሚላህ ተባለ፤ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ታረዱ፤ መንደሩ ሁሉ ተጠራ። እዚህ አገር ደግሞ ክርስቲያን እንግዳ ካለ ዶሮው ተለይቶ ይሰጠዋል፤ ራሱ ያርዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራለታል። ለኔ የተለየችው ማን ነበረች መሰላችሁ? ገብስማዋ። በበረኪና የጠበቅኋትን በቢላዋ ተቀበልኳት። ቢላዋውን ይዤ ሳመነታ አያ ሰይድ አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩልኝ፤ ይህን ደግነታቸውን አልረሳም።

ሩቂያ ያን ቀን ስትስቅ ሰማኋት። ሕፃኑ ከእጅ እጅ ሲዞር ዋለ። የዶሮው መረቅ አራሷን እስከ አራስነቷ መጨረሻ አላዘለቃትም፤ እውነቱን መደበቅ አልወድም። በምትኩ አንዱ ወተት፣ አንዱ ቅቤ እየያዘ ይመጣል፤ አንዳንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም። ፈንግሉም በእርግጥ መጣ። ጎህ ሲቀድ የሚጮህ ዶሮ ጠፍቶ መንደሩ ዝም አለ፤ የአያ ሰይድ ቀይ አውራ ዶሮም ዝም አለ። ግቢያችንም ሳይገባ አልቀረም፤ ግን የሚኖርባት ዶሮ አላገኘም።

አያ ሰይድ አሁን በየቀኑ ይመጣሉ። ክፍት የሆነው በር ላይ ሲደርሱ ቆም ይሉና አንዱን እግር ያነሳሉ፣ ከዚያም ሌላውን፤ የጫማቸውን ሶል ያሳዩኛል።

«መምህር፣ ልግባ?»

«ይግቡ፣ አያ ሰይድ።»

ሳቃቸውን ለቀው ይገባሉ። እኔም እስቃለሁ። እሳቸው ካለፉ በኋላ ግን፣ ሰው እንዳያየኝ ዙሪያዬን ቃኝቼ፣ የረገጡትን አፈር ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። ግቢው ውስጥ አንዲት ዶሮ የለችም። አፈሩ ላይም ምንም አይንቀሳቀስም። እኔ ግን እስካሁን አላመንኩትም።