መርዶ ነጋሪ ወረፋ ሲጠብቅ

ድሮ ሰው ከቤቱ የሚጠፋው በሩን ከፍቶ ወጥቶ ነበር። ዘንድሮ ግን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ፣ ሻዩን ፉት እያለ ይጠፋል። ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ናይሮቢ ከገባ ወዲህ ስንቱን ባለትዳር እንደቀማን እግዜር ይቁጠረው! የአንዱን ላውራችሁ፤ ካላወራሁት አይወጣልኝም።

ደረጀ ካሳራኒ ሰፈር የሚኖር ወዳጄ ነው፤ ዌስትላንድስ አንድ ቢሮ ውስጥ አብረን እንሠራለን። ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው ወዳድ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ! እቤቱ ኢንተርኔት ካስገባ በኋላ፣ በየአገሩ የተበተነ ሐበሻ በድምፅ የሚነታረክበት አንድ «ሩም» ውስጥ አድሚን ሆኖ ተሾመ። አድሚን ማለት ማን ማይክ ይያዝ፣ ማን ይባረር ብሎ የሚወስን ነው፤ እኔ ነኝ ያለ ሚኒስትር እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። አሜሪካ ሲመሽ እኛ ዘንድ ስለሚነጋ፣ ሰውዬው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋና ዓለምን ያስተዳድራል። ልጁን ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ለውሃው ለመብራቱ የምትሯሯጠው ሚስቱ ሰናይት ናት።

ታዲያ የደረጀ እናት አዲስ አበባ አረፉ። መርዶ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ በስልክ ዘሎ አይነገርም። ሰውየው እንዳይደነግጥ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ሄዶ፣ ግራና ቀኝ ደግፎት ነው። ለሰናይት በዋዜማው ሹክ አልናት፤ ምስኪን፣ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ራት አቀረበችለት። በማግስቱ የሐበሻው ታላላቆች የሆኑትን ጋሽ ተፈራንና እትዬ አልማዝን ከፓርክላንድስ ሰፈር ይዘን፣ ሊነጋጋ ሲል ከማታቱ ታክሲ ወረድን። የግቢው ዘበኛ፣ ኬንያዊው ሰውዬ እንኳ አለባበሳችንን አይቶ፣ በሩን ሲከፍትልን በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና» ብሎ አዘነልን።

ደረጀስ? ሳሎኑን ሞልተን ስንገባ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጦ ጀርባውን ሰጥቶናል። ዘወር ብሎ አየን፤ በዚያ ማለዳ፣ ጥቁር ለብሰን፣ አንገታችንን ደፍተን። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ማን ሞተብኝ ብሎ በጮኸ ነበር። እሱ ግን ጣቱን ቀስሮ፣ አንድ ደቂቃ፣ ሰው ማይክ ይዟል ብሎን ተመለሰ። አንድ ደቂቃ! ለሞት! ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ግራ ቢገባቸው እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወረፋዎን ይጠብቁ በሚል ዓይነት መዳፉን አሳያቸው! እኔ በበኩሌ ያንን የኢንተርኔት ገመድ ከነግድግዳው ልነቅለው ብድግ ብዬ ነበር፤ ኮቴን ይዘው ያስቀመጡኝ እትዬ አልማዝ ናቸው። ለቅሶ ቤት ጠብ አይነሳም አሉኝ። ለቅሶው መቼ ተጀመረና!

እንዲህ ተራ ስንጠብቅ ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ። ስቶክሆልም ያለ አብሮ አደጉ ነው የጻፈው፤ «ደሬ፣ የእማማን ነፍስ ይማር» ይላል። በቃ! እኛ ሌሊቱን ሙሉ ቃል ስንመርጥ ያደርንበትን ነገር አንድ ችኩል በአንድ መስመር ጨረሰው። ደረጀ ጮኸ። ዘለን ያዝነው፤ ሰናይትም የዋጠችውን እንባ ለቀቀችው፤ ተላቀስን።

ትንሽ ረገብ ሲል ከእጃችን ተላቀቀና ወንበሩ ላይ ተመልሶ ማዳመጫውን አጠለቀ። የሩሙ ሰው በየተራው ማይክ እየያዘ ሊያጽናናው ተሰልፏላ! እኛ ከኋላው ሶፋው ላይ ነን። ሰናይት እግሩ ሥር ተቀምጣ ጉልበቱን ይዛለች። ደረጀ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና እንዲህ አላቸው፦

«አመሰግናለሁ ወገኖቼ። እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር? በሰው አገር ብቻዬን ነኝ፤ አጠገቤ አይዞህ የሚለኝ አንድ ሰው እንኳ የለም።»